ከጅማ እስከ ሚዛን በብስክሌት፦ መንገዱን በወንዝ ቁጠሩት

ከጅማ ተነስቶ በቦንጋ በኩል ሚዛን ተፈሪ የሚደርሰው አስፋልት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር፣ ቦንጋ 1,700 ሜትር፣ ሚዛን ደግሞ 1,450 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ካርታውን ብቻ ያየ ሰው «ቁልቁል ነው፤ በሁለት ቀን እየተዝናናሁ እጨርሰዋለሁ» ይላል። በሁለት ቀን ማለቁ እውነት ነው። መዝናናቱ ግን የሚገኘው በከተሞቹ መካከል ያለውን ሸለቆ አስቀድሞ ላጠና ሰው ነው። ጎጀብ ላይ መንገዱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ከቦንጋ ወዲያ ደግሞ ስማቸውን ካርታ የማይጽፋቸው ጅረቶች ያንኑ በትንሽ በትንሹ ይደጋግሙታል። ድልድይ ባያችሁ ቁጥር ቁልቁለቱ አለቀ፣ ዳገት ሊጀምር ነው ማለት ነው። በዚህ አገር ጉልበት የሚመደበው በድልድይ ቁጥር ነው፤ ኪሎ ሜትር ብዙም አይናገርም።

ከአዲስ አበባ ጀምሮ መንዳትም ይቻላል፤ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱ ግን ሌላ ጉዞ ነው። ከወልቂጤ እንዳለፉ የጊቤ በረሃ ይመጣል፤ ከ1,900 ሜትር ወደ 1,100 ሜትር አካባቢ ወርዶ በሙቀት መልሶ መውጣት አለበት፤ ከባድ መኪናውም ብዙ ነው። ደኑን ብሎ የተነሳ ሰው ጉልበቱን እዚያ ባያፈስ ይሻለዋል። ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጭኖ ጅማ መግባት ይበጃል። ፖርቶ መጋላ ላይ ሲጫን የማርሽ መቀየሪያው ያለበት የቀኝ ጎን ወደ ላይ ይሁን። ፔዳሎቹን ፍቱ፤ የግራው ፔዳል አጠባበቁ የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «አልፈታ አለኝ» እያለ ይበልጥ ያጠብቀዋል። ረዳቱ በደንብ አስሬዋለሁ ቢላችሁም ጆንያ እንዳይደረብበት ቆማችሁ እዩ።

መቼ ይኬዳል

ከፋ ዝናብ የማይለየው አገር ነው። ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የባሰ ነው። ለብስክሌት የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው፤ ያኔም ቢሆን የዝናብ ልብስ ቤት ጥሎ መውጣት አይገባም። ጥቅምትና ኅዳር ሰማዩ እየጠራ ቢሄድም ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነው። አይሱዙዎችና ትራክተሮች ከየቀበሌው ኮረኮንች ሲወጡ በጎማቸው ቀይ ጭቃ እየጎተቱ አስፋልቱ ላይ ይጥሉታል። ይህ ጭቃ ሲደርቅ አቧራ ነው፤ ትንሽ ሲያካፋበት ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መገንጠያ ባለበት ሁሉ፣ በተለይ መገንጠያው ከቁልቁለት ግርጌ ከሆነ፣ ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ዛፍ የሸፈነው አስፋልት ሌሊቱን ባይዘንብም ጠዋት እርጥብ ነው። ጉሙ ቅጠል ላይ ይጠራቀምና ጠብ ጠብ ይላል፤ ፀሐይ ስለማታገኘው እስከ 4 ሰዓት ሳይደርቅ ሊቆይ ይችላል። ከጫካው ውጭ ደረቅ መንገድ ላይ በ50 የለመደ ሰው ያንኑ ፍጥነት ይዞ ጥላው ውስጥ ሲገባ ነው የሚወድቀው። መንገዱ ጠቆር ብሎ ከታያችሁ እርጥብ ነው ብላችሁ ንዱ።

ብስክሌቱ ምን ይሁን

ኮርስ ብስክሌት ይበቃል፤ ማውንቴን አያስፈልግም። ግን የውድድር ማርሽ ይዞ መምጣት ጉልበትን መግደል ነው። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ እስከ 32 ጥርስ ያለው ይሁን። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን በደቂቃ 70 ጊዜ ስታዞሩ ፍጥነታችሁ በሰዓት 9.5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ከነሻንጣው 12 ኪሎ የሆነ ብስክሌት ይዞ፣ 8 በመቶ ዳገት ላይ በዚህ ፍጥነት ለመውጣት ወደ 190 ዋት ጉልበት ይበቃዋል፤ ይህ ልምምድ ያለው ሰው ለረጅም ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ነው። በድሮው 39 በ25 ጥርስ ግን በዚያው ዳገት 70 ዙር ለመጠበቅ 14 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሄድ፣ ማለትም ወደ 290 ዋት ማውጣት ግድ ይላል። ያን ማውጣት ያልቻለ ሰው ዙሩ ወደ 48 ይወርድበታል፤ በሁለተኛው ቀን ጉልበቱ ላይ የሚሰማው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። ኋላ ጥርሱን መቀየር ካሰባችሁ ካቴናው መርዘም፣ የማርሽ መቀየሪያውም 32 ጥርስን የሚችል መሆን እንዳለበት አዲስ አበባ ሳላችሁ አረጋግጡ።

ጎማው ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው። 25 ሚሊ ሜትር ጎማ ጉድጓድ ላይ የውስጡን ጎማ ከቸርኬው ጋር አጋጭቶ እባብ የነደፈው ይመስል ሁለት ቦታ ይበሳዋል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ28 ጎማ ፊት 4.5 ባር፣ ኋላ 5 ባር ጥሩ ነው፤ በ32 ጎማ ደግሞ ፊት 3.8፣ ኋላ 4.2። ጠንክሮ የተነፋ ጎማ ፈጣን ይመስላል እንጂ በተቆራረጠ አስፋልት ላይ ይዘላል፣ እርጥብ ላይም መያዝ ያቅተዋል።

በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ ደግ ነው፤ ለኮርስ ብስክሌት ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ መንፊያው የተሠራው ለመኪና ቫልቭ ነው፤ የእናንተ ቀጭኑ ቫልቭ ከሆነ የምትጠመዘዘውን ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ አይገጥምም። ሁለተኛ፣ የመኪና ኮምፕረሰር አየሩን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ ቀጭኑን ጎማ በሁለት ሰከንድ ሊያፈነዳው ይችላል። በአጭር በአጭሩ እየለቀቀ፣ በጣታችሁ እየተጫናችሁ ይንፋላችሁ፤ የቀረውን በእጅ መንፊያ ጨርሱ። በሙቀት የሚለጠፈው ልጥፍም ለመኪና ጎማ እንጂ ለዚህ ስስ ጎማ አይሆንም፤ ያቃጥለዋል። የራሳችሁን ልጥፍና ማስቲሽ ያዙ። ልጥፉ ከመቀመጡ በፊት ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም፣ አምስት ደቂቃ ያህል፣ ይድረቅ። ብዙው ልጥፍ የሚለቀው በችኮላ ነው።

በመንገዱ ላይ ባሉ ሱቆች የሚገኘው የ26 ኢንች ጎማ ነው። ለኮርስ ብስክሌት የሚሆነውን የ700ውን ከመርካቶ ይዛችሁ ኑ፦ ሦስት የውስጥ ጎማ፣ አንድ የሚታጠፍ የውጭ ጎማ፣ ለፊትና ለኋላ የሚሆን ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ የካቴና መፍቻና ማገናኛ፣ ሁለት የፍሬን ሽቦ። የካቴና ዘይት ቢያልቅ የስፌት መኪና ዘይት ማታ ማታ እየቀቡ መጠቀም ይቻላል። የሞተር ዘይት አትንኩ፤ ቀዩን አፈር ይስብና ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ጅማ፣ ጎጀብ፣ ቦንጋ

ይህ ቀን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ተነሱ። ባጃጁና ጋሪው ሳይበዛ ከጅማ መውጣት የቀኑ ግማሽ ሰላም ነው። እስከ ሰቃ ድረስ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የእርሻና የባሕር ዛፍ አገር ነው፤ ሰውነት ማሟሟቂያ አድርጉት፣ አትሩጡ።

ከሰቃ ወዲያ የበለጠ ጌራ ደን ይመጣል። እዚህ ነው መንገዱ መልኩን የሚቀይረው፦ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው የጫካ ቡና፣ ከላይ ጉሬዛ። ዳገቱ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣ አይደለም፤ ይወጣል፣ ጥቂት ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ልምድ የሌለው ሰው በየትንሿ ቁልቁለት ያገኘውን ፍጥነት ለማዳን ቀጣዩን ዳገት ተነስቶ በኃይል ይመታዋል። አሥር ጊዜ ይህን ካደረገ ጎጀብ ሲደርስ እግሩ ባዶ ነው። ቁጭ ብላችሁ፣ ማርሹን ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ቀይራችሁ፣ ወሬ ማውራት በምትችሉበት ትንፋሽ ውጡ።

ከጅማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሸቤ አለች። እዚህ ቁሙ። ጠርሙስ ሙሉ፣ ብሉ፣ ፍሬናችሁን ፈትሹ፤ ከፊታችሁ ወደ 500 ሜትር ገደማ የሚያወርደው የጎጀብ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ሸራው ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ እዚሁ ቀይሩ፣ ታች አይደለም። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ምንም የማይዝ ይመስላል፤ ሸራው ውሃውን እስኪጠርገው አንድ ሁለት ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ከኩርባው ራቅ ብላችሁ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉትና አድርቁት፣ ከዚያ ቀጥታው ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ጨርሱ፣ ኩርባው ውስጥ ልቀቁ። ፍሬን ይዞ እርጥብ ኩርባ መታጠፍ ነው ጎማን ከሥር የሚያስወጣው። ከላይ እስከ ታች ሳይለቁ መያዝም አይሆንም፤ ቸርኬው ይግላል፣ ዲስክ ፍሬን ከሆነም ሸራው መያዝ ያቅተዋል። የካርቦን ቸርኬ በሸራ ፍሬን ይዞ እዚህ ባይመጣ የተሻለ ነው።

ኩርባ ላይ ቅጠል ያለው የዛፍ ቅርንጫፍ ወይም የድንጋይ ረድፍ መሬት ላይ ካያችሁ፣ ከኩርባው ማዶ የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው። ሹፌሮች ምልክት የሚያደርጉት እንዲህ ነው፤ ወዲያው ቀንሱ። መኪናው ከሄደ በኋላ ድንጋዮቹ እዚያው የሚቀሩበት ጊዜ ስላለ፣ ድንጋይ ብቻውን ቢገኝም ገረም አይበላችሁ። ዳገት የሚወጣ ሲኖትራክ ጠባብ ኩርባ ላይ የእናንተንም መስመር ይወስዳል። ቀኛችሁን ይዛችሁ፣ ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ አንድ ሜትር ገባ ብላችሁ ውረዱ፤ ጠርዙ በብዙ ቦታ ተሸርፎ ከጎኑ ካለው አፈር አንድ ስንዝር ከፍ ይላል፤ ከዚያ የወደቀ ጎማ በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም።

የጎጀብ ድልድይ የጅማና የከፋ ወሰን ነው። ከላይ ብርድ የነበረው አሁን ሙቀት ሆኗል። በተባለው ሰዓት የተነሳ ሰው ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እዚህ ይደርሳል። እርግጥ ነው፣ ያን ያህል ማልዶ መነሳት ቁልቁለቱን እርጥብ ሳለ ያስወርዳል። ምርጫው በእርጥብ ቁልቁለት ቀስ ማለትና በቀትር ፀሐይ ዳገት መውጣት ነው፤ ቀስ ማለቱ ይመረጣል። ዝግታ የሚያስከፍለው አሥር ደቂቃ ነው፤ የጎጀብ ዳገት በ7 ሰዓት ፀሐይ ግን ቀኑን ሙሉ ያበላሻል። ወባ ያለበት ቆላ ስለሆነ እዚህ ማደር አይመከርም።

ከድልድዩ በኋላ እስከ ጊምቦ አካባቢ ድረስ ያለው የቀኑ ከባዱ ክፍል ነው። መጀመሪያው ጥላ የለውም፤ ከፍ ሲል ደኑ ይመለሳል። ሦስት ጠርሙስ፣ ማለትም 2 ሊትር ተኩል ገደማ፣ ይዛችሁ ጀምሩ። በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ጠጡ፤ ጥም እስኪሰማ አትጠብቁ። ብዙ ያላባቸው ሰዎች ውሃ ብቻ ከጠጡ ራስ ምታትና ድካም ይይዛቸዋል፤ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በትክክል ለክታችሁ በጥብጡ። ጨው ማብዛት ይጎዳል። ዳገቱ ካለቀ በኋላ ቦንጋ እስክትደርሱ ገና መውጣትና መውረድ አለ፤ «ደረስኩ» ብላችሁ የመጨረሻውን ምግብ አትጨርሱ።

ስለ ስንቅ

በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ከምግቡ ውስጥ ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ ያስፈልጋል። በአገራችን መለኪያ 80 ግራም ገደማ የበሶ ዱቄት ወይም ሁለት ተኩል ሙዝ ነው። በሶ ጠርሙስ ውስጥ በጥብጦ መያዝ ጥሩ አይደለም፤ ይዘቅጥና አፉን ይደፍናል። ማታ በማርና በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ እንደ እንቁላል ካድቦለቦላችሁት ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ የከፋ ማር ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጭኮ ይጣፍጣል፣ ግን ቅቤው ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ለቁርስ እንጂ ለዳገት መሐል አይሆንም። በረመዳን ጅማና ሸቤ ላይ ቀን ምግብ ቤት ሊዘጋ ስለሚችል ስንቅ አብዙ። የወንዝና የጅረት ውሃ ምንም ቢጠራ ሳይፈላ አትጠጡ።

ሁለተኛው ቀን፦ ቦንጋ፣ ውሽውሽ፣ ሚዛን

ይህኛው 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለብዙ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይከብዳል፤ ምክንያቱም እንደ ጎጀብ ያለ አንድ ትልቅ ዳገት የለውም። ትልቅ ዳገት ሰው ይዘጋጅበታል። ትንንሾቹ ግን ሳይታዩ ይበላሉ።

ከቦንጋ ብዙ ሳይርቅ የውሽውሽ ሻይ ተክል፣ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ኮረብታውን አልብሶት ይታያል። ከጫካው ጨለማ ወጥቶ ወደዚያ አረንጓዴ ሜዳ መግባት በዚህ አገር ለብስክሌተኛ ከተሰጠው ሁሉ የላቀ ነው፤ ቀስ ብላችሁ እለፉት። ጠዋት ጉም ስለሚተኛበት የኋላ መብራት አብሩ፤ ብልጭ ድርግም የሚለው ይሻላል።

ከዚያ ወዲያ ደኑ እንደገና ይዘጋል። የከፋ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ በዛፎቹ ሥር ያለው ቡና ሰው ሳይተክለው የበቀለ ነው። ለመንገዱ ይህ ማለት የወደቀ ቅጠል፣ የተሰበረ ቅርንጫፍና ከሰማይ ሳይሆን ከዛፍ የሚዘንብ ውሃ ማለት ነው። የበሰበሰ ቅጠል የተጋደመበትን ቦታ ቀጥ ብላችሁ፣ ሳታጋድሉና ፍሬን ሳትነኩ እለፉት። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ ውስጡ አትግቡ፤ መዞር ካልተቻለ ከኮርቻው ተነሱ፣ ክርንና ጉልበት አላሉ። በዚህ ክፍል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት «ይህማ ቀላል ነው» በሚያሰኝ ጉልበት ከነዳችሁ መጨረሻው ላይ ታመሰግኑታላችሁ። ወደ ሚዛን ሲቃረብ መንገዱ በጥቅሉ እየወረደ ይሄዳል፤ በደከመ እጅ ፍሬን መያዝ ስለሚያቅት ከመጨረሻዎቹ ቁልቁለቶች በፊት ቆም ብሎ እጅን ማፍታታት ይገባል።

ጉልበት የተረፈው ሰው በሦስተኛው ቀን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥሎ ቴፒ ሊደርስ ይችላል፤ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ ሙቀቱ ሌላ ነው። የየቀበሌው መገንጠያዎች ያጓጓሉ፤ ግን በ28 ጎማ የሚገባባቸው አይደሉም።

ከብት፣ ሕፃናትና ሰው

ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ሁልጊዜ ከኋላው በኩል እለፉ፤ ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። በግ ግን አይታመንም፦ ግልገል በአንድ ዳር፣ እናት በሌላው ካሉ በመካከላቸው ሮጠው መገናኘታቸው አይቀርም፤ ቁሙ። አህያ ጡሩንባም ብትነፉ ንቅንቅ አይልም። ዝንጀሮ መንገድ ዳር ከተቀመጠ ምግብ አታሳዩት፣ አትወርውሩለትም፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ብስክሌተኛ ይቀማል።

ዳገት ላይ ሕፃናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ጠርሙስ ከብስክሌት ላይ መወርወር ልጆቹን እርስ በርስ እያጋፋ መንገድ መሐል ያስገባቸዋልና አታድርጉት። ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ ካላችሁም በእጅ ስጡ። የመንገዱን ወሬ ደግሞ ሁልጊዜ ከመነሳታችሁ በፊት ማታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከሹፌሮች ጠይቁ፦ የት ተንሸራትቷል፣ የት እየተሠራ ነው፣ ሰላሙስ እንዴት ነው። ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር ቢበላሽባችሁ ሃይሩፍ ማግኘት የሚቀለው እስከ 9 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው እየሳሳ ይሄዳል፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይም ይጨልማል። ስለዚህ 8 ሰዓት ላይ ገና ከግማሽ በታች ከሆናችሁ ብስክሌቱን ጫኑ።

ሚዛን ስትገቡ ብስክሌቱ ከቀዩ ጭቃ የተነሳ ቀለሙ አይታይም። ላቫጆ ወስዳችሁ በኃይለኛው ውሃ እንዳታስመቱት፤ ውሃው ኩሽኔታው ውስጥ አፈሩን ይዞ ይገባና በወር ውስጥ መንኮራኩሩ መንጓጓት ይጀምራል። ባልዲ ውሃ፣ ሳሙናና አሮጌ ጨርቅ ይበቃል፤ ካቴናውን በላምባ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ቀቡት፤ የፍሬን ሸራው ውስጥ የተሰካ ጠጠር ካለም በመርፌ ንቀሉ።